ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ ሠርግ

በጥር ወር ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባን ለማቋረጥ የሞከረ ሰው የሠርግ መኪና ሰልፍ ሳያግደው አይቀርም። አበባ የተለጠፈባት መኪና ከፊት፣ የሚዜዎቹ ከኋላ፣ በጣሪያው መስኮት ወጥቶ የሚቀርጽ ባለ ካሜራ፣ የማያባራ ጥሩምባ። ሰልፉ ድሮ የሚገባው ወደ ሰፈር ነበር። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ከከተማዋ ዳር ወዳለ የታጠረ ግቢ ነው። በሩ ላይ «ጋርደን» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል። ውስጡ ሲገባ ሣሩ ተከርክሟል፣ ዛፉ ላይ አምፖል ተንጠልጥሏል፣ ከሙሽሮቹ መቀመጫ ጀርባ ከላይ እስከ ታች ቅጠል የለበሰ ግድግዳ ቆሟል። እንግዳው ገና ከመኪናው ሲወርድ ስልኩን ያወጣል። ቦታው ገነት ይመስላል።

ወደ ቅጠሉ ጠጋ ብሎ የዳሰሰ ሰው ግን አንድ ነገር ይረዳል። ቅጠሉ ፕላስቲክ ነው። ከግድግዳው ጀርባ ዞር ያለ ደግሞ የቀረውን ያያል፦ የሚያጓራውን ጄኔሬተር፣ ሣሩን ለማጠጣት ውኃ ያመጣውን ቦቴ፣ ነገ ለሌሎች ሙሽሮች የሚቆመውን ሌላ የቅጠል ግድግዳ።

ሰው በዛፍ ጥላ ሥር መዳር መፈለጉ አያስወቅሰውም። መስኮት ከሌለው አዳራሽ ንጹሕ አየርና ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ ይሻላል። ጠቡ ከሌላ ነገር ጋር ነው። አረንጓዴው የተጋባዡ ማረፊያ መሆኑ ቀርቶ የካሜራ መጋረጃ ሆኗል። ሙሽሮችም «ቦታ መረጥን» ይላሉ እንጂ የተመረጡት እነሱ ናቸው። የሠርጋቸውን ቀን፣ የእንግዳቸውን ቁጥር፣ የሚገቡበትን ዕዳ ሳይቀር ቦታው ወስኖላቸዋል።

ዳሱ ድሮም አረንጓዴ ነበር

የአረንጓዴ ቦታ ሠርግ ከውጭ የመጣ ሥልጣኔ ተደርጎ መሸጡ አስቀድሞ መታረም ያለበት ነገር ነው። በዚህ አገር ሠርግና ቅጠል ተለያይተው አያውቁም። ዳስ ምን ነበር? የሰፈሩ ጎረምሶች እንጨት ቆርጠው፣ ጉድጓድ ምሰው፣ ምሰሶ አቁመው፣ ጣሪያውንና ጎኑን በቅጠል የሚያለብሱት የጥቂት ቀን ቤት ነበር። መሬቱ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። እንግዳውን በር ላይ የሚቀበለው የትኩስ ቅጠልና የእርጥብ ሣር ሽታ ነው። ድግሱ ሲያበቃ እንጨቱ ማገዶ ይሆናል፣ ቅጠሉ አፈር ይሆናል።

የዳሱ ትልቅ ነገር ግን ቅጠሉ አልነበረም። ዳስ የሚሠራ ሰው ያስፈልገው ነበር። ዛሬ ለጎረቤቱ ልጅ ምሰሶ ያቆመ ጎረምሳ ነገ የእሱ ተራ ሲደርስ ይቆምለታል። ጌሾ የወቀጠች፣ ሽንኩርት የከተፈች፣ ሌሊቱን ከምጣድ ጋር ያደረች ጎረቤት በሠርጉ ላይ ድርሻ ያላት ሰው እንጂ የጥሪ ካርድ የደረሳት እንግዳ ብቻ አይደለችም። ከቅጠሉ ዳስ በኋላ የእድር ድንኳን ሲመጣም ይህ አልተለወጠም። ሸራው የእድሩ ነው፣ ወንበሩ የእድሩ ነው፣ ሳህኑና ብረት ድስቱ የእድሩ ነው፣ ቄጤማውም ከሥር አልቀረም። ለቅሶ ላይ የተተከለው ድንኳን ሠርግ ላይም ይተከላል። ይህንን ሁሉ በአንድ ቃል የሚጠራው ሰው «ሰፈር» ይለዋል።

የዛሬው ጋርደን ቅጠሉን አስቀርቶ ሰፈሩን ጣለው። ከዚያም ቅጠሉን ራሱን በፕላስቲክ ተካው።

የሚገባቸውን ፍርድ መስጠት

ዳሱ የቀረው ሙሽሮች ስለናቁት ነው ብሎ መፍረድ ግን ግፍ ነው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ዳስ አይተከልም። የቀበሌ ቤት ግቢ ጠበበ፣ ባዶ የነበረው ሜዳ ሕንፃ ሆነ፣ መንገዱ ዳር ድንኳን መትከል እንደ ድሮው አልሆነም። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ደግሞ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች የተነሡ ሰዎች በከተማዋ ዳርቻ ተበትነዋል። አንድ ድንኳን ሥር ለአርባ ዓመት ያለቀሱና የዘፈኑ ጎረቤታሞች አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ይኖራል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ልጁን ለመዳር ቦታ ቢከራይ ምን ያድርግ?

ለባለ ጋርደኖቹም የሚገባቸው ምስጋና አለ። በአዲስ አበባ ባዶ መሬት ያለው ሰው ሁሉ ፎቅ በሚያስብበት ዘመን ግቢውን በዛፍ ሸፍኖ ከዛፉ ገቢ ማግኘት የቻለ ሰው ለከተማዋ አንድ ሳንባ አተረፈላት። እውነተኛ ዛፍ የተከለ፣ ያሳደገ፣ ለአትክልተኛ ደመወዝ የሚከፍል ባለ ግቢ በዚህ ጽሑፍ አይከሰስም። እንዲያውም ክርክሩ ለእሱ ነው፤ የፕላስቲክ ግድግዳ ያቆመው ጎረቤቱ በእሱ ስም እየነገደ ነውና።

እንግዲህ መከራየት ነውር አይደለም። ጥያቄው ምን እንደሚከራዩ፣ ለማን ብለው እንደሚከራዩ፣ በስንት እንደሚከራዩ ነው።

ጥር ለማን ነው?

ጥር የሠርግ ወር የሆነበት ምክንያት ጥሩ ምክንያት ነበር። ገበሬው በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራውን ይሰበስባል፤ ጎተራው ይሞላል፤ በሬው ከሥራ ያርፋል። ጾመ ነቢያት በገና ይፈታል፤ ጥምቀት ያልፋል፤ ዐቢይ ጾም ገና አልገባም። እህል አለ፣ ጊዜ አለ፣ ዝናብ የለም። ከዚህ የተሻለ የሠርግ ወር ለገበሬ የት ይገኛል?

የከተማው ደመወዝተኛ ግን ጎተራ የለውም። ደመወዙ በጥርም በጥቅምትም ያው ነው። ምክንያቱን ትቶ ወሩን ብቻ ወረሰ። ከተማው በሙሉ በአንድ ወር ሲያገባ ደግሞ ቦታው፣ መኪናው፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ቪዲዮው ሁሉ ይወደዳል። ከውጭ አገር ለጥምቀትና ለሠርግ የሚመጣው ዘመድም በዚያው ሰሞን ይደርሳል፤ ባለ ጋርደኑ ዋጋውን የሚቆርጠው በዶላር የሚያስበውን ሰው እያየ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ሌላ ነው። ጥር በጋ ነው። ደጋው ሣር ቢጫ የሚሆንበት፣ አቧራ የሚነሣበት ወር ነው። ሰው አረንጓዴ ሠርግ ይፈልግና አገሩ አረንጓዴ ያልሆነበትን ወር ይመርጣል። በዚህ ወር ሣር አረንጓዴ የሚሆነው ውኃ ሲጠጣ ብቻ ነው። ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውኃ ለነዋሪው በፈረቃ በሚዳረስባት ከተማ፣ እናት ሌሊት ተነሥታ ጀሪካን በምትሞላባት ከተማ፣ ለስድስት ሰዓት ፎቶ ሲባል የሚጠጣ ሜዳ አለ። ባለ ግቢው የራሱን ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ የክረምቱን ዝናብ አጠራቅሞ ከሆነ እሰየው። ካልሆነ ግን ሙሽራዋ የቆመችበት አረንጓዴ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነገረኝነት አይሆንም።

ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ግን ማንም የማይከራየው ገነት ነው። ዝናቡ አልፏል ወይም ሊያልፍ ነው፤ ተራራው ለምልሟል፤ አደይ አበባ ገና ከሜዳው አልጠፋችም። ያ ሁሉ አረንጓዴ አንድ ቦቴ ውኃ አላስወጣም። በዚህ መካከል ጾመ ጽጌ አለ፤ እሱ የፈቃድ ጾም ስለሆነ ሙሽሮች ንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ይወስናሉ። የጾሙ አቆጣጠር የማይመለከታቸው ሙሽሮች ደግሞ ጥር ላይ የሚጋፉበት ምክንያት ጨርሶ የለም።

የፕላስቲክ አበባ በአበባ አገር

ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ከባቱ፣ ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከቢሾፍቱ እርሻዎች የተቆረጠ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ በብዛት ወደ ኔዘርላንድ ይሄዳል። ጭነቱ የሚበረታው ፈረንጆች የፍቅረኞች ቀን ብለው በሚያከብሩት በየካቲት መጀመሪያ ዋዜማ ነው። ያ ማለት በጥር መጨረሻ፣ እውነተኛው ጽጌረዳ ከቦሌ ሲነሣ፣ ፕላስቲኩ ጽጌረዳ በጋርደኖቹ ግድግዳ ላይ እየተሰካ ነው ማለት ነው። ፈረንጁ የኢትዮጵያን አበባ ይዞ ያገባል፤ ኢትዮጵያዊቷ ሙሽራ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የመጣ ፕላስቲክ ተደግፋ ፎቶ ትነሣለች። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ምን ያህል እንደተወደደ ደግሞ ለማንም አይነገርም።

ዲኮር ሠሪዎች «ፕላስቲኩ አይጠወልግም፣ ደጋግሞ ያገለግላል» ይላሉ። እውነት ነው። አይጠወልግም። ሲያረጅም አይበሰብስም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ባጸደቀባት አገር፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ችግኝ ትከሉ በሚባልባት አገር፣ የደስታ ምልክት ተደርጎ የተመረጠው የፕላስቲክ ዛፍ ነው። ከእሱ ጋር ፎሙ አለ፣ ፊኛው አለ፣ የሚበተነው ብልጭልጭ ወረቀት አለ፣ ሳይጠጣ የሚጣለው የታሸገ ውኃ አለ። «አረንጓዴ» የተባለው ሠርግ ሲያበቃ ጠራጊዎቹ የሚጭኑት ቆሻሻ የድሮው ዳስ ከተወው ቅጠል ጋር አይወዳደርም።

ሕያው ዛፍ ባለበት ግቢ ውስጥም የሚሠራው ግፍ አለ። ግንዱ ላይ ሚስማር ይመታል፣ ሽቦ ይጠመጠምበታል፣ ሥሩ ላይ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ይከመራል። ዛፉ ለሠርጉ ጥላ ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ አሁን የአምፖል መስቀያ ነው።

ቦታው ሠርጉን ሲመርጥ

ድግስ ማሰናዳት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ማን ይጠራ ይባላል። ቀጥሎ አቅማችን ስንት ነው ይባላል። ከዚያ መቼ ይሁን፣ በመጨረሻ የት ይሁን ይባላል። የጋርደን ሠርግ ይህንን ገልብጦታል። ዛሬ ጥንዶቹ መጀመሪያ ቲክቶክ ላይ ቦታ ያያሉ። ቅዳሜ ሄደው ይጎበኛሉ፤ ሣሩ ላይ ቆመው አንድ ፎቶ ይነሣሉ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቀብድ ይከፈላል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ተከታይ ነው። ቀኑ ቦታው ክፍት የሆነበት ቀን ነው። ግቢው ከዚህ ቁጥር በታች አይቀበልም ስለተባለ ያልታሰበ ሰው ይጠራል። ምግቡ ከግቢው ነው መያዝ ያለበት፣ ዲኮሩ የግቢው ነው፣ ከውጭ ወጥ ሠሪ አይገባም፣ ሰዓቱ ካለፈ ተጨማሪ ይከፈላል።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ይበጃል። ለምሳሌ ያህል የአንድ ሰው መስተንግዶ 1,500 ብር ቢታሰብና ተጋባዡ 400 ቢሆን፣ መኪናው፣ ቬሎው፣ ቪዲዮው፣ ዲኮሩ ሳይቆጠር 600,000 ብር ነው። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ስለዚህ ያ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሳንቲም ሳይበላ፣ ቤት ኪራይና ግብር ሳይከፍል፣ የ52 ወር ደመወዙ ነው። አራት ዓመት ከአራት ወር! ልጅ ተወልዶ አፉን ፈትቶ፣ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል አባቱ የሠርጉን ወጥ ዋጋ ገና መጨረሱ ነው።

ያንን ገንዘብ ማንም ከደመወዙ እንደማያወጣው የታወቀ ነው። እቁብ ቀድሞ ይወሰዳል። ከሥራ ቦታ ብድር ይጠየቃል። አባት ለጡረታው ያስቀመጣት ትወጣለች። ከዚያም ስልክ ወደ ዓረብ አገር ይደወላል። ሪያድ ወይም ቤሩት ያለችው እኅት በሰው ቤት የሰው ልጅ እያሳደገች፣ የራሷን ሠርግ ዓመት ካመት እያስተላለፈች፣ የወራት ደመወዟን ትልካለች። ሠርጉን በስልክ ታየዋለች። በዚያች ትንሽ መስኮት ውስጥ ከወንድሟ ጀርባ የምታየው አረንጓዴ ግድግዳ የእሷ ላብ ነው። ፕላስቲክ እንደሆነ ግን ማንም አይነግራትም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን አባባል ሁሉም ያውቀዋል። በተበደሩት ወርቅ የማያምር ሰው በስድስት ሰዓት በተከራዩት ቅጠል ያምራል ማለት ዘበት ነው።

«አንድ ቀን ናት»

ለዚህ ሁሉ የሚሰጥ መልስ አለ። የመጀመሪያው «በሕይወት አንድ ቀን ናት፣ ይታይባት» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሠርጉ አንድ ቀን ነው። ትዳሩ ግን አንድ ቀን አይደለም። ለአንድ ቀን ተብሎ በአራት ዓመት ዕዳ የሚገባ ሰው ቀኗን አላከበራትም፤ ከሷ በኋላ የሚመጡትን ቀናት ሁሉ አስያዛቸው። በአዲስ ትዳር የመጀመሪያው ኩርፊያ ስለ ፍቅር አይደለም። «ለዚያ ሁሉ ዲኮር ማን አዘዘሽ?»፣ «ሰው የጠራኸው አንተ አይደለህ?» የሚል ነው።

ሁለተኛው መልስ «ስጦታው ይመልሰዋል» ነው። ይህ ሠርግን የንግድ ሥራ ማድረግ ነው፤ ያውም የሚያከስር ንግድ። ተጋባዡም የራሱ ቤት ኪራይ አለበት። ካርዱ ሲደርሰው ከደስታው በፊት ሒሳቡን ማሰብ የጀመረ ወዳጅ፣ ካርዱን ያመጣለት ሰው ወዳጅ መሆኑን እየረሳ ነው።

ሦስተኛው መልስ ከበድ ይላል። «ስንት ሰው እንጀራ ይበላበታል፤ ዲኮር ሠሪው፣ ፎቶ አንሺው፣ ሾፌሩ፣ አስተናጋጇ ምን ይሁኑ?» ይላል። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ነገር ግን የታነሰ ሠርግ የቀረ ሠርግ አይደለም። መቶ ሰው የሚጠራ ሠርግም ፎቶ አንሺ ይፈልጋል፣ ወጥ ሠሪ ይፈልጋል። ፕላስቲኩን የተወ ሠርግ አበባ ሻጭዋን፣ ቄጤማ ነጋዴዋን፣ ችግኝ አፍይውን ያበላል። ገንዘቡ የት ይሂድ የሚለው እንጂ ሠርግ ይቅር የሚል የለም።

አራተኛው በአደባባይ አይነገርም። «ሰው ምን ይላል?» ነው። መልሱ አጭር ነው። ሰው በትንሽ ሠርግም ያወራል፣ በትልቅ ሠርግም ያወራል። ትልቅ ሠርግ ላይ ወጡ ቀዘቀዘ ብሎ ያወራል፤ መኪና ማቆሚያ አጣሁ ብሎ ያወራል። ለወሬ ብሎ የተበደረ ሰው ወሬውን አልገዛም፤ ዕዳውን ግን ገዝቷል።

ሕጉ ራሱ ከሰዎቹ ይልቅ ቁጥብ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ከእያንዳንዱ ተጋቢ ወገን ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክር ይበቃል ይላል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የቅጠል ግድግዳ አይጠይቁም። አራት ምስክር በሚበቃው ነገር ላይ አራት መቶ ሰው የጨመረው ሕግ አይደለም፣ ሃይማኖትም አይደለም።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ?

አረንጓዴ ቦታ ላይ መዳር የሚፈልጉ ጥንዶች ይፈልጉ። ግን ቦታውን በመጨረሻ ይምረጡት። መጀመሪያ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው የሰዎችን ስም ይጻፉ። መመዘኛው አንድ ነው፦ «ይህ ሰው ብንታመም ይጠይቀናል?» ያልጠየቀውን ያውጡት። ቀጥሎ ያላቸውን ገንዘብ ይቁጠሩ፤ የሚበደሩትን አይደለም። ከዚያ ወር ይምረጡ። ቦታ ፍለጋ የሚወጡት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሲወጡም ስልካቸውን ኪሳቸው ያድርጉና በዓይናቸው ይዩ። ቅጠሉን ይዳስሱ። ዛፉ መሬት ውስጥ የተተከለ ነው ወይስ ለዕለቱ በማሰሮ የመጣ? ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ አለ ወይስ ሣርና ፕላስቲክ ብቻ? አገር በቀል ዛፍ ምን እንደሚመስል ያላወቀ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመውንና ከ700 ሄክታር በላይ የሆነውን የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አንድ ቀን ሄዶ ይዞር። ያ ቦታ ዕፅዋት የሚጠበቅበትና የሚጠናበት ነው፤ ለሙሽሮች ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ይሆናል።

ቀጥሎ ባለ ግቢውን ይጠይቁ። በበጋ ውኃው ከየት ይመጣል? ከውጭ ወጥ ሠሪ ማስገባት ይቻላል? ዝናብ ቢመጣ መጠለያው የት ነው? መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ የማን ነው፣ ነዳጁስ? ለአረጋውያን የሚሆን ጥርጊያ መንገድና መጸዳጃ አለ? በዚያ ቀን ሌላ ሠርግ በዚያው ግቢ ይካሄዳል? ቀኑ ቢዛወር ቀብዱ ተመላሽ ነው? መልሱ ሁሉ በውል ላይ ይጻፍ። በቃል «አይ፣ ችግር የለም» ያለ ሰው ችግር ሲመጣ ስልክ አያነሣም።

ሰዓቱን ደግሞ ወደ ቀን ያምጡት። በፀሐይ የሚደረግ ሠርግ አምፖል አይፈልግም፣ ስቴጅ አይፈልግም፣ ብዙ ዲኮርም አይፈልግም። ዛፉ ዲኮር ነውና። መሬቱ ላይ ቄጤማ ይጎዝጎዝ። አክስቶችና ጎረቤቶች ዳቦውን ይድፉ፣ ጠላውን ይጥመቁ። ጓደኞች ማለዳ መጥተው ወንበር ይደርድሩ። «እንግዳ ማሠራት ነውር ነው» የሚል ቢኖር ዳሱን ማን ይሠራው እንደነበር አባቱን ይጠይቅ። በዕለቱም ሙሽሮቹ አንድ ችግኝ ይትከሉ፤ ለካሜራ ሳይሆን ተመልሰው ሊያጠጡት በሚችሉበት ቦታ።

የከተማው ድርሻ

ሁሉንም ግን በሙሽሮች ጫንቃ ላይ መጣል አይገባም። አዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት ብዙ መናፈሻ ሠርታለች። አንድነት ፓርክ፣ እንጦጦ ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ ተከፍተዋል። ከእነሱ በፊትም ብሔረ ጽጌ፣ ፒኮክና አምባሳደር መናፈሻ የስንቱ ቤተሰብ የሠርግ አልበም ውስጥ አሉ። ስሟ አበባ የሆነ ከተማ አረንጓዴ መውደዷ አያስገርምም። የሚያስገርመው አቅም የሌለው ነዋሪ ከዚያ ሁሉ አረንጓዴ ውስጥ ልጁን የሚድርበት አንድ ጥግ ማጣቱ ነው።

በየወረዳው አንድ በዛፍ የተሸፈነ ግቢ ቢዘጋጅ፣ ነዋሪው በተራ በአነስተኛ ክፍያ ቢጠቀምበት፣ ማብሰያ ቦታና መጸዳጃ ቢኖረው፣ እድሮች ቢያስተዳድሩት ከተማዋን አያከስራትም። የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለሠርግና ለለቅሶ ተብለው የተሠሩ የጋራ ቤቶች ነበሯቸው። ዙሪያቸው ዛፍ ቢተከልበት አንዱ መፍትሔ እዚያው አለ። ሰፈሩን ያነሣ መንግሥት የሰፈሩን ዳስ የሚተካ ቦታ ይስጥ ማለት ትልቅ ጥያቄ አይደለም። የድሮው ሰፈርተኛ ከአራቱም ማዕዘን መጥቶ እንደገና የሚገናኝበት ቀን ሠርግ ካልሆነ ለቅሶ ብቻ ይቀራል።

ሰኞ ጠዋት

የሠርጉ ማግስት ሲያልፍ፣ መልሱም ሲያበቃ፣ ሰኞ ይመጣል። የቅጠሉ ግድግዳ ተነቅሎ መኪና ላይ ተጭኗል። ሣሩ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እየተጠጣ ነው። ባለ ጋርደኑ ሒሳቡን ጨርሷል። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተቀምጠው ወረቀት ላይ የዕዳ ዝርዝር ይጽፋሉ፤ ለእቁብ ይህን ያህል፣ ለመሥሪያ ቤት ይህን ያህል፣ ለእኅት ይህን ያህል። ስልካቸው ላይ ያለው ፎቶ በጣም ያምራል።

በሬው ሣሩን አይቶ ገደሉን ሳያይ ቀረ ይባላል። በበሬው አይፈረድበትም፤ ሣሩ ቢያንስ እውነተኛ ነበር።